ተኳኩሎ የመጣ ቁስል

ጡረታ የሚባለው ነገር ለኛ ቢጤ ስደተኛ የለም። እኔ ሥራ ያቆምኩት ጣቶቼ ስላቆሙ ነው። የፋሻ ጫፍ ይዤ መቋጠር ሲያቅተኝ፣ አንድ ቀን መቀሱን አስቀመጥኩና “ኸላስ፣ በቃኝ” አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስንት ዓመት ሠራሽ፣ ምን አተረፍሽ እያለ ነው። ያተረፍኩትማ የወገብ ሕመም ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ምን አስደነገጠሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። እኔ ደግሞ የምናገረው ያለኝ እሱን ነው፤ ወላሂ ድንጋጤው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ሉባባ እባላለሁ። ትውልዴ ወሎ፣ ደሴ ዙሪያ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ጤና ረዳትነት ተምሬ ነበር፤ ያኔ ድሬሰር ይሉናል። ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ነበር እንጀራዬ። ሱዳን የገባሁት በገዳሪፍ በኩል ሲሆን መጀመሪያ በስደተኞች መጠለያ ድንኳን ውስጥ የመንገደኛ እግር ሳጥብ ቆየሁ። እዚያ የነበረው አለቃችን ችኩል ሰው ነበር። ፋሻው ቁስል ላይ ደርቆ ሲጣበቅ ሳያርስ ጎትቶ ይነቅለዋል፤ ሰውየው ሲጮህ ደግሞ “ወንድ አይደለህም?” ይለዋል። ሴቶቹንም እንደዚያው ነበር የሚላቸው። ከእሱ የተማርኩት ነገር ቢኖር እንደ እሱ አለመሆንን ነው።

ካርቱም የመጣሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ወረቀት ስላልነበረኝ ክሊኒክ የሚያስገባኝ አላገኘሁም። አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር ከአንድ ሀብታም ቤት ተቀጠርኩና የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አሮጊት ማስታመም ጀመርኩ። ጀርባቸው ቆስሎ ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው የቆዳ ሐኪም ይዞ መጣ። ሐኪሙ አሮጊቷን በጎናቸው አስተኝተው ቁስሉን ገለጥ አደረጉና “ይህን የሚያጥበው ማነው?” አሉ። የሚያባርሩኝ መስሎኝ ከበሩ ኋላ ተደበቅሁ። አሮጊቷ ሲሞቱ፣ አላህ ይራህማቸውና፣ ሐኪሙ አስፈልገው ወሰዱኝ። ዶክተር በሺር ማለት እሳቸው ናቸው። ክሊኒካቸው እኔ ለምኖርበት ለጀሪፍ ሰፈር ቅርብ ነበር። ኢቃማዬንም፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ እሳቸው አስጨረሱልኝ፤ ደሞዜ ለቤት ኪራይና አገር ቤት ለምልከው ይበቃ ነበር፤ ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በዓረብኛ አንቱታ የለም። ሚኒስትሩም ረክሻ፣ ማለት ባጃጅ፣ ነጂውም “አንተ” ነው። እኔ ግን ዶክተር በሺርን በአፌ አንተ እያልኩ በሆዴ አንቱ እላቸው ነበር። እዚህም አንቱ እንዳልኳቸው ልቀጥል።

እኚህ ሰው በሽተኛ ሲገባ ወዲያው ቆዳውን አያዩም። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያስጠጉና የቀን ብርሃን ያርፍበታል፤ አምፖል አያምኑም። ከዚያ በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በዓይን አይገኝም፣ ትኩሳቱን ነው የምታገኚው ይሉኛል። ፀሐይ የማያየውን ቦታ፣ ብብትን፣ ከወገብ በታችን ሳያዩ “አወቅሁት” ብለው አያውቁም። ሴት ከሆነች መጋረጃውን ስቤ መጀመሪያ እኔ አያለሁ፤ እሷ ስትፈቅድ እሳቸው ይገባሉ። የፈታሁትን ፋሻ ሳያሸቱም አያስጥሉኝም። ተማሪ ሐኪሞች ሲመጡ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ እሳቸው ግን እንደ ሽቶ ነጋዴ አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸታሉ።

ቅርፊት ያለበት ቁስል ሲመጣ “በሩን አትስበሪ፣ አንኳኪ” ይሉኝ ነበር። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጀርም የሚገድለውን ፐርማንጋኔት ጣል አደርግና፣ ውሃው እንደ ቀጭን የከርከዴ ሻይ ሲቀላ፣ ጎዙን፣ ስሱን የቁስል ጨርቅ፣ ነክሬ ቅርፊቱ ላይ እተዋለሁ። ቅርፊቱ ራሱ ልቅቅ እስኪል ድረስ በሽተኛዋን ስለ አገሯ አጫውታታለሁ። ለላቦራቶሪ የሚላከውን መግል የምወስደው ከቅርፊቱ ሥር እንጂ ከላዩ አይደለም፤ ላዩ ላይ ያለው የመንገድ አቧራ ነው።

ደግሞ አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። የሳቱት ነገር ሲኖር ተማሪዎቹን ሰብስበው “ማነው የተሳሳተው?” ይላሉ። ሁሉም አንገቱን ሲደፋ፣ ራሳቸው “በሺር” ብለው ይመልሳሉ። እኔ እንዲህ ያለ አለቃ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ለካርቱም ወይዘሮዎች ሁሉ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ “ኸልጣ ትቀቢያለሽ?” የሚል ነበር። ኸልጣ ማለት ቆዳ የሚያቀላ የቅባት ድብልቅ ነው፤ ሽቶ ቤት በድብቅ ይቀመማል፣ ሙሽሮችና የደላቸው ሴቶች ይቀቡታል። ውስጡ ኮርቲዞን አለበት። ኮርቲዞን ደግሞ የታመመ ቆዳን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ሁልጊዜ አያድነውም። ወይዘሮዎቹ “ወላሂ አልቀባም” ብለው ይምላሉ። እሳቸው አይከራከሩም፤ ብዕራቸውን አስቀምጠው ያዩዋቸዋል። ትንሽ ቆይተው ሴቶቹ ራሳቸው ይናዘዛሉ።

ሰዓዳ የመጣችው እንግዲህ እዚህ ክሊኒክ ነው። የከሚሴ ልጅ ነች፤ አል-ጣኢፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ሠራተኛ ነበረች። አንዲት ልጇን እናቷ ጋ ትታ ነው የወጣችው። “ልጄ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ እንጂ እኔስ አገሬ እገባለሁ” ትል ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ወገቧና ጡቷ ሥር ገጣ ገጣ ያለ ሽፍታ ወጥቶባት ያሳክካታል። ታፋዋ ላይ ደግሞ ውሃ የሚያዥ ቁስል ነበራት። ከቅርፊቱ ሥር መግል ወስጄ ላክሁ፤ ስታፍ የሚሉት ባክቴሪያ ተገኘ። ዶክተር አንቲባዮቲክ አዘዙላት፣ ቁስሉ ደረቀ፣ ማሳከኩም ታገሠላት። ሰዓዳ እጄን ሳመችኝ። “ሂጂ ወዲያ፣ ሼህ አደረግሽኝ እንዴ” ብዬ ሳቅሁባት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሰች። እንደገና አንቲባዮቲክ፣ እንደገና መድረቅ። እንዲህ እየሆነ ዓመታት ሄዱ። ዶክተር በሺር አልተኙም፤ ሁለት ጊዜ ክብ ስለት ይዘው ከቆዳዋ ናሙና ቆርጠዋል። እኔ ፎርማሊን ውስጥ ከትቼ ስሟን ጽፌ ላክሁ። ሁለቱም ጊዜ የመጣው መልስ ኤግዚማ፣ እኛ ችፌ የምንለው፣ ይመስላል የሚል ነበር። ደግሞስ አንቲባዮቲክ በወሰደች ቁጥር ይሻላት የለ? ሲሻላት እያየን እንዴት ሌላ ነገር እናስብ? ኤግዚማ ነው፣ ላዩ ላይ ጀርም ይገባበታል፣ አለቀ። የተሻላት መሆኑ ራሱ ነው ያታለለን።

ሰዓዳ ክሊኒክ ስትመጣ ሁልጊዜ ታጥባ፣ ታጥና፣ ጥርት ያለ ቀሚስ ለብሳ ነው። እኛ ወሎዎች እንዲህ ነን። ሐኪም ቤት የምንሄደው ሠርግ እንደተጠራ ሰው ነው፤ ቆሽሾ ሐኪም ፊት መቅረብ ነውር ነው። ዶክተር እንኳ ሲያዩዋት “ዛሬ ማንን ልትድሪ ነው?” እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

አንድ ቀን ግን ረፋዱ ላይ በጥቁር ሻርፕ ፊቷን እስከ ዓይኗ ሸፍና መጣች። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳትና ሻርፑን አውርጂ አልኳት። እምቢ አለች። ዶክተር ሲገቡ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች።

“ማዕሌሽ ያ ዶክቶር” አለች፣ “ይቅርታ፣ ዛሬ እንዲሁ ነው የመጣሁት። ሲቴ ዱባይ ሄዳ ስለቆየች ቅባቱ አልቆብኛል።” ሲት ማለት እመቤት ነው፤ አሠሪዋን ማለቷ ነበር።

“የትኛው ቅባት?” አሉ ዶክተር።

“እናንተ ጋ ስመጣ የምቀባው ነዋ። ሲቴ ለራሷ ካስቀመመችው የተረፈውን ትሰጠኛለች። ሰውነትሽ እንዲህ ዥንጉርጉር ሆኖ ለእንግዳ ሻይ አታቀርቢም ብላኝ ነው የጀመርኩት። እናንተም ጋ ስመጣ ከሳምንት በፊት ጀምሬ እቀባዋለሁ፤ ቁስሉ ብቻ እንዲታያችሁ ብዬ። ሌላው ገላዬ እንዳያስጠላችሁ።”

ይህን ብላ ሻርፑን አወረደች። ጉንጯ ላይ ሎሚ የሚያክል እብጠት ወጥቷል። መጋረጃውን ስቤ ልብሷን ስገልጥ ወገቧና ታፋዋ ሁሉ እንደዚያው ነው፤ አንዳንዱ ፈንድቶ ይመግላል። ያ ሁሉ ዓመት ያጠብኩት ገላ አልመሰለኝም። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

ዶክተር በሺር አይተው ሲጨርሱ የበሽተኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

“ሉባባ” አሉኝ፣ “እኔ ይቺን ሴት ኸልጣ ትቀቢያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ?”

“አይ” አልኩ።

“አንድም ቀን?”

“አንድም ቀን።”

ለምን እንዳልጠየቋት ሁለታችንም አውቀነዋል። የቤት ሠራተኛ ኸልጣ ትቀባለች ብሎ የሚያስብ ማን አለ? በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሰዓዳ ግን መች ሸሸገች? ለእኛ ስትል አስጊጣ አመጣችው እንጂ። እኛ ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ ናሙና የቆረጥነው ኸልጣ ካስተኛው ቆዳ ላይ ነው።

ዶክተር ምንም ቅባት እንዳትነካ አድርገው ቆይተው ሦስተኛውን ናሙና ቆረጡ። መልሱ ሲመጣ ሊምፎማ ይላል። የቆዳ ሊምፎማ። ከበሽታ እንዲጠብቁን የተፈጠሩት ነጭ የደም ሴሎች ቆዳ ውስጥ ገብተው ሲያብዱ ነው ይህ ካንሰር የሚመጣው ብለው አስረዱኝ። ተማሪዎቹን ጠሩና “ማነው የተሳሳተው?” አሉ። እንደ ልማዳቸው “በሺር” ሳይሉ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ተማሪዎቹም ደንግጠው አንድ በአንድ ወጡ።

ለሰዓዳ የነገርኳት እኔ ነኝ። ዓረብኛዋ ለሕክምና ነገር ስለማይበቃ፣ እሳቸው በዓረብኛ ይላሉ፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ካንሰር ስል እንባዬ ቀደመኝ። እሷ ትኩር ብላ አየችኝና “ልጄን ይይዛታል?” አለች። አይተላለፍም፣ ማንንም አይዝም አልኳት።

“ታዲያ ምን ያስለቅስሻል፣ እትዬ ሉባባ?” አለችኝ።

ሲቷ ከዱባይ ስትመለስ ጉንጯን አይታ በዚያው ቀን ልብሷን በፌስታል አሸክማ ከሹፌሩ ጋር ወደ ክሊኒኩ ሰደደቻት። ዶክተር ደውለው አይተላለፍም ቢሏት አልሰማቻቸውም። ጀሪፍ እኔ ክፍል ወሰድኳት። አንድ አልጋ ነበረኝ፤ እሷ ተኛችበት፣ እኔ መሬት አነጠፍኩ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ቁምጥና ነው ብለው ሸሹን፤ በኋላ እኔን እንዳልያዘኝ ሲያዩ ተመለሱ።

ካንሰር የሚታከምበት ሆስፒታል ስንወስዳት ሌላ መርዶ ጠበቀን። ቁስሏ በጀርም ተወርሯል፤ የካንሰሩ መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ እንዲህ ሆና ብንሰጣት ትሞትብናለች አሉ። መጀመሪያ መግሉ ይጥፋ አሉ። ዶክተር በሺር በደም ሥር የሚሰጥ ጠንካራ አንቲባዮቲክ አዘዙ። እኔ በየቀኑ እየነከርኩ፣ እያጠብኩ፣ በቫዝሊን ጎዝ እሸፍናለሁ። ያቺ ሴት አንድ ቀን አላቃሰተችም። ስለ ልጇ ትምህርት ነው የምታወራኝ፤ ሒሳብ ይከብዳታል፣ ጂኦግራፊ ትወዳለች።

እንግዲህ ያስደነገጠኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። መግሉ እንደሚደርቅ አውቃለሁ፤ ስንት ዘመን አይቼዋለሁ። አንድ ጠዋት ግን የታፋዋን ፋሻ ስፈታ እብጠቱ ራሱ ጎድሏል። መግል ያልነበረበት፣ ቆዳው ያልተቀደደ እብጠት እንኳ ሟሽሿል። ፋሻውን እንደያዝኩ ቀረሁ። የካንሰር መድኃኒት እኮ ገና አንዲት ፍሬ አልዋጠችም።

ዶክተርን በስልክ ጠርቼ አመጣኋቸው። በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። በሩን ከፍተው ብርሃን አስገቡ፣ በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ፣ በጣታቸው ለኩ፣ ደግመው ለኩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

“ጀርሙን ነው እኮ የመታነው” አልኳቸው። “ካንሰሩ ምን ሆኖ ነው የሚሸሸው?”

“አንዳንድ ሐኪሞች የሚሉት ነገር አለ” አሉኝ ቀስ ብለው። “ይህ ባክቴሪያ መርዝ ያወጣል። መርዙ እነዚያኑ ያበዱትን ሴሎች እየነካካ ያስነሣቸዋል፣ ያባዛቸዋል ይላሉ። የታመመው ቆዳ ደግሞ መልሶ ባክቴሪያውን ያስጠልለዋል። ተመርምሮ ያለቀ ነገር አይደለም፤ እኔም በእርግጠኝነት አልነግርሽም። ካንሰሩን ከሥሩ አልነቀልንም። ግን የምናየውን እያየን ነው።”

“ያኔም በአንቲባዮቲክ ይሻላት የነበረው…”

“አዎ” አሉ። “ያኔም ምናልባት ሁለቱም ነበሩ። ሁለቱም አብረው ይተኙ ነበር፣ እኛ አንዱን ብቻ እየቆጠርን።”

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መግልን ቆሻሻ ነው ብዬ ነው ያጠብኩት። ከካንሰር ጋር እየተቀጣጠለ የሰው ገላ ያነድዳል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ሰዓዳ ግን እብጠቷን በጣቷ እየነካች “ሟሽሿል፣ አየሽ? ሟሽሿል” ትለኛለች፤ ደስታዋን እያየሁ መደንገጤን ደበቅኋት።

መግሉ ሲጠራ ሆስፒታሉ የካንሰሩን ክኒን ጀመረላት። ጉንጯ ተስተካከለ። እብጠቶቹ አንድ በአንድ ሄዱና በቦታቸው ጥቁር ጥቁር ምልክት ብቻ ቀረ። ጀሪፍ ውስጥ በእግሯ መሄድ፣ ገበያ መውጣት ጀመረች። ልጇ አሥራ ሁለተኛን አለፈች። በስልክ ሲነግሯት ግቢው ውስጥ እልል አለችና ጎረቤቶቼን በሙሉ አስወጣቻቸው። አገር ቤት የመግቢያ ልብስ መግዛት ጀመረች፤ ለእናቷ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ፣ ለልጇ ጫማ። ዶክተር በሺርም ከዚያ ወዲህ ተለውጠው ነበር። የመንገድ ጠራጊም ትምጣ የሹም ሚስት፣ ኸልጣ ትቀቢያለሽ ሳይሉ አያሳልፉም፤ ወንዶቹን ሳይቀር ይጠይቃሉ። ወንዶቹ ይስቁባቸዋል።

አንድ ማለዳ ሰዓዳ “ብርድ ብርድ አለኝ” አለችኝ። የካርቱም ሙቀት ሰው የሚቀቅልበት ወር ነው። ግንባሯን ስነካው እሳት ነው። ገላዋን ፈተሽኩ፤ አንድም የሚመግል ቦታ የለም። በረክሻ ሆስፒታል አደረስኳት። ደም ወሰዱ፣ ግሉኮስ ሰቀሉ፣ አንቲባዮቲክ ሰጡ። ዶክተር በሺር ሥራቸውን ጥለው መጡ። ቀትር ላይ ሰው መለየት አቃታት። የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ሳይደርስ አለፈች። ኢና ሊላህ።

የደሟ ምርመራ በኋላ ሲመጣ ያው ባክቴሪያ ነበር። በየት እንደገባ ማንም አላወቀም። ዶክተር በሺር ወረቀቱን አነበቡና “ካንሰሩ አይደለም፣ ሉባባ። ካንሰሩ አልገደላትም” አሉኝ። ይህን ሲሉ የሚያጽናኑኝ ይሁን ራሳቸውን የሚወቅሱ ለይቼ አላወቅሁም። እኔ ግን በጣም ተናደድኩ፤ እሷን ከሞት አወጣናት ባልንበት ማግስት፣ ያው ስንት ዘመን በጎዝ የጠረግሁት ጀርም ነው የወሰዳት።

ጀናዛዋን ያጠብነው እኔ ክፍል ነው። ከጎረቤት ሁለት ሴቶች መጡ፤ ለሰፈሩ አዲስ ስለሆኑ ሰዓዳን ከእልልታው ወዲህ እንጂ ቆስላ ሳለች አያውቋትም። ዓይነ ሥውር እንኳ ብሆን ያን ገላ አውቀዋለሁ፤ የታፋዋን፣ የወገቧን፣ የጡቷን ሥር፣ እያንዳንዱ ቁስል የት እንደነበረ እጄ ያውቃል። አንደኛዋ ውሃ ታፈሳለች፣ እኔ አጥባለሁ። እጄ ግን እነዚያ ቦታዎች ላይ ሲደርስ ይቆማል። እንዳያማት ብዬ በጣቴ ጫፍ ብቻ ነካ አድርጌ አልፋለሁ።

ሴትየዋ ይህን አይታ ጣሳውን ያዝ አደረገችና “እጠቢያት እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል?” አለችኝ። “ምንም እኮ የላትም።”